ከለቡ እስከ ኦቦክ፦ በሁለት አገር ሐዲድ ላይ

እሑድ፦ ከለቡ እስከ ድሬዳዋ

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። እኔ ባቡሩን የመረጥኩት ሁለቱን አገሮች የሚያስተሳስሩት ነገሮች፣ ማለትም ሐዲዱ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ የውሃ ቧንቧውና የከባድ መኪናው መንገድ፣ ሁሉም በምድር የሚሄዱ በመሆናቸው ነው። ጎረቤት መንግሥታት ተባበሩ የሚለውን ዜና አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ከስብሰባ አዳራሽ ነው፤ ትብብሩ በሚያልፍበት ቀዬ የሚኖረው ሰው ከዚያ ምን እንደሚደርሰው ለማየት ግን መስመሩን ተከትሎ መሄድ ያስፈልጋል። (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ጅቡቲ የምትቆጥረው በዚያ ስለሆነ፣ ሁለቱን እያፈራረቁ አንባቢን ከማደናገር አንዱን መያዙ ይሻላል።)

ባቡሩ ጠዋት ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተነሣ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ይህ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በኢትዮጵያ በኩል በኦክቶበር 2016፣ በጅቡቲ በኩል በጃንዋሪ 2017 ተመርቆ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2018 መባቻ ነው። ከአክሲዮኑ 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ ነው። ሐዲዱ በጅቡቲ ምድር የሚሄደው ከመቶ ኪሎ ሜትር ለማይበልጥ ርቀት መሆኑን ላሰበ ሰው፣ ድርሻው በርዝመት እንዳልተሰፈረ ግልጽ ነው፤ ጅቡቲ ያዋጣችው ባሕሯን ነው። ግንባታው የተካሄደው በአብዛኛው ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ በተገኘ ብድር ሲሆን፣ በ2018 የኢትዮጵያ ብድር መክፈያ ጊዜ ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ስምምነት ተደርሷል። ፊት ለፊቴ በእናቱ ጭን ላይ የተኛው ሕፃን ልጅ ወልዶ እስኪስም ድረስ ዕዳው አብሮት ይጓዛል ማለት ነው።

እስከ አዳማ ያለው መንገድ ለዓይን የተለመደ ነውና አልፈዋለሁ። ከመተሐራ ወዲያ፣ አዋሽን ተሻግረን ሜዳው እየደረቀ ሲሄድ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ታየኝ፤ ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ ርቀው ነው የተሠሩት። ሰፋፊና ንጹሕ ሕንፃዎች ናቸው፤ በዙሪያቸው ግን ሻይ ቤት እንኳ የለም። አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደምና ኤረር እንደ ከተማ የቆሙት በቀድሞው ባቡር ነበር። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ለመሙላት መቆም ግድ ስለነበረበት በቆመበት ሁሉ ገበያ ቆመ፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ሙዝና የተቀቀለ በቆሎ በመስኮት ይሸጥ ነበር። አዲሱ ባቡር ውሃ አይጠጣም።

ከሚኤሶ የተሳፈሩ አንድ የኤረር ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ሐዲዱ ዳር የሚግጡ ግመሎች ባየን ቁጥር አንገታቸውን እያሰገጉ ይመለከቱ ነበር። “አባባ፣ የእርስዎ ናቸው እንዴ?” ብዬ ጠየቅኋቸው። “የማንም ይሁኑ፣” አሉኝ፤ “ድሮ ባቡሩ ሲቆም እንሸጥለት ነበር። አሁን ግመል ካልገጨ በቀር አይቆምም።” ለተገጨ ከብት ካሳ ይከፈል እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ “ካሳማ ይከፈላል፤ ካሳ ግን አይታለብም፣” ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። በጉዞው ሁሉ የፈለግሁትን ጥያቄ እኒህ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቀለሉት። ሁለት መንግሥታት ጫፍና ጫፍ ይዘው የዘረጉት ነገር መሀል ላይ ላለው ሰው ምን ያወርድለታል?

ሰኞ፦ ድሬዳዋ

ድሬዳዋ ሐዲድ የወለዳት ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለስዊስ ተወላጁ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ፈቃድ ወደ ሥራ የተለወጠው በ1897 ከጅቡቲ በኩል ሲሆን፣ ሐዲዱ እዚህ ሜዳ ላይ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነበር። መሀል ላይ የባከኑት ዓመታት የገንዘብ እጥረት ብቻ የፈጠራቸው አይደሉም፤ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ኢጣሊያ ሐዲዱ በማን እጅ ይሁን እያሉ የተሻኮቱባቸው ዓመታት ናቸው። ሦስቱ በ1906 ለንደን ላይ የፈረሙት ውል በኢትዮጵያ ላይ ያላቸውን ጥቅም እርስ በርስ የተከፋፈሉበት ነበር። ስለ ቀድሞው ባቡር በናፍቆት የሚናገሩ ሰዎች ይህን ይረሱታል፤ የጎረቤታሞች ትብብር ልጅ አልነበረም፤ የሩቅ ኃያላን ፉክክር ልጅ ነበር።

የጋራ ንብረት የሆነው ዘግይቶ ነው። ጅቡቲ በጁን 27 ቀን 1977 ነፃነቷን ባወጀች በሳምንታት ውስጥ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ፈነዳ፤ የባቡር ድልድዮች ተመቱ፤ መስመሩም ተቋረጠ። ገና ባንዲራዋን በሰቀለች ማግሥት ወደቧ ጭነት ያጣባት አገር ከዚያ የወሰደችው ትምህርት እስከ ዛሬ በፖለቲካዋ ውስጥ ይታያል፤ በጎረቤቶቿ ጠብ ውስጥ ወገን መያዝ አትወድም። በ1981 የባቡር ድርጅቱ በሁለቱ አገሮች ባለቤትነት እንደ አዲስ ተቋቋመ።

ለገሃር ወደሚባለው የከተማዋ የቀድሞ ባቡር ጣቢያ ሄጄ አሮጌውን ጋራዥ ተመለከትሁ። በፈረንሳይኛ የተጻፈ የብረት ሰሌዳ የተለጠፈባቸው የመፈልፈያ ማሽኖች እንደቆሙ ናቸው፤ አንዱ አሁንም በቅባት ይብረቀረቃል፤ ጡረታ የወጡ አንድ የማሽን ባለሙያ እየመጡ ስለሚወለውሉት ነው። እኒህ ሰው ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ፈረንሳይኛን በአንድ ትንፋሽ ይቀላቅላሉ። ሴት ልጃቸው ድንበር ተሻግራ አሊ ሳቢህ ተድራለች፤ የወንድማቸው ልጆች ጅቡቲ ከተማ ናቸው፤ የልጅ ልጆቻቸው ፓስፖርት ሁለት ዓይነት ነው። የጅቡቲው ፕሬዚዳንት ኢስማኢል ዑመር ጌሌም የተወለዱት እዚሁ ድሬዳዋ ነው፤ አማርኛም ይናገራሉ። የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት በሰነድ ሲጻፍ “ታሪካዊ” የምትል ቅጽል ትለጠፍበታለች፤ ድሬዳዋ ላይ ግን ጉዳዩ የታሪክ ሳይሆን የጋብቻና የቀብር ጉዳይ ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተከለው በሁለቱም በኩል ነው።

ከሰዓት በኋላ ቀፊራ ገበያ ገባሁ። ጅቡቲ የሚታረስ መሬት ከሞላ ጎደል ስለሌላት ሽንኩርቱ፣ ድንቹ፣ ቲማቲሙና ጫቱ ከዚህና ከሐረርጌ ደጋ ነው የሚወርደው። ሽንኩርት በጅምላ የምትልክ አንዲት ነጋዴ ስለ ዋጋ ስትነግረኝ ያወራችው ስለ ሽንኩርት ሳይሆን ስለ ፍራንክ ነበር። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር በተወሰነ ተመን የታሰረ ነው፤ ብሩ ደግሞ በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ተለቅቋል። “እነሱ ዘንድ ዋጋው አይነቃነቅም፤ እኛ ዘንድ ማታና ጠዋት አንድ አይደለም፣” አለች፤ ጆንያዎቹን በመርፌና በሲባጎ እየሰፋች። ብሩ ሲወርድ ለላኪዋ ይጠቅማት ይሆን ብዬ ስጠይቃት ሳቀች፤ ዘሩም፣ ፀረ ተባዩም፣ የመኪናው ጎማም በዶላር እንደሚመጣ አስረዳችኝ።

ማክሰኞ፦ ከድሬዳዋ ናጋድ

ከድሬዳዋ ወዲያ ያለው ምድር የሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ነው፤ ድንጋይና ግራር፣ ከዚያም ድንጋይ ብቻ። ከመስኮቱ ሆኖ የሚታየው ረጃጅም የብረት ምሰሶ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ነው። በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ ተሠርቶ በ2011 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ጅቡቲ ኃይሏን ከሞላ ጎደል በናፍጣ ታመነጭ ነበር። ዛሬ ከምትጠቀመው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ግድቦች የሚሄድ ነው። ኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ታገኛለች፤ ጅቡቲ ከናፍጣ የረከሰ መብራት። ከሁሉም የትብብር ሥራዎች ለማስረዳት ቀላሉ ይህ ነው።

ውሃው እንደዚያ ቀላል አይደለም። በአዲጋላ አካባቢ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚነሣው ቧንቧ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ለአሊ ሳቢህ፣ ለዲኪል፣ ለአርታና ለጅቡቲ ከተማ ያጠጣል፤ በቀን እስከ 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያስተላልፍ የታቀደ ነው። ውሃውን ኢትዮጵያ ያለ ክፍያ ሰጥታለች፤ ግንባታውን ጅቡቲ ከቻይና ተበድራ አሠርታለች። የአፍሪካ ቀንድ መንግሥታት በውሃ ምክንያት በሚወዛገቡበት ዘመን አንዱ ለሌላው የከርሰ ምድር ውሃውን በነፃ መስጠቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከሚገባው በታች እንደተወራለትም አምናለሁ።

አዲጋላ ላይ የተሳፈረች አንዲት ወጣት እናት ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዛ ገብታ መተላለፊያው ላይ አስቀመጠቻቸው። ባዶ ናቸው፤ ድንበር ላይ ላለችው እህቷ ዕቃ ልትሞላባቸው ነው። ስለ ቧንቧው ስጠይቃት ጠባቧን የመስኮት ክፍተት በጣቷ እያሳየች፣ “እዚያ ማዶ ያልፋል፣” አለች። ሰፈራችሁስ? “የኛ ጉድጓድ ሌላ ነው፤ በተራ ነው፤ አንዳንዴ በቦቴ ይመጣል።” ቅሬታም ምስጋናም ባልነበረበት ድምፅ ነው የነገረችኝ። እኔ ግን የማስበው ይህ ነው፤ ውሃው ከሚወጣበት ምድር የሚኖረው አርብቶ አደር ከማንም በፊት ከቧንቧው ካልጠጣ፣ ስጦታውን የሰጠው መንግሥት ሳይሆን እርሱ ነው፤ ያውም ሳይጠየቅ።

ደወሌ ላይ ፓስፖርታችን ታይቶ ወደ ጅቡቲ ገባን። አሊ ሳቢህን አልፈን ወደ ሆልሆል ስንቃረብ ሸለቆው ላይ የቀድሞው ባቡር ድልድይ እንደቆመ ነው። በዚህ አካባቢ አሊ አዴና ሆልሆል የሚባሉ የስደተኞች ሠፈሮች አሉ፤ በውስጣቸው የሶማሊያ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሰዎች ይኖራሉ። ጅቡቲ በ2017 ባወጣችው ሕግ ስደተኞች የመሥራት፣ የመማርና የመታከም መብት እንዲኖራቸው ደንግጋለች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የኢጋድ (የምሥራቅ አፍሪካ የልማት በይነ መንግሥታት ድርጅት) አገሮች ጅቡቲ ላይ ተሰብስበው የስደተኛ ልጆችን በየአገሩ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ለማካተት ተስማምተዋል። ኢትዮጵያም ተመሳሳይ አዋጅ በ2019 አውጥታለች። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያላት፣ ከራሷ ወጣቶች ለብዙዎቹ ሥራ ያጣች አገር ይህን ሕግ ማውጣቷ ከሀብታሞቹ አገሮች ጋር ሲነጻጸር የሚያስከብራት ነው። ናጋድ ጣቢያ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምጣድ እንፋሎት ፊት ላይ ይመታል።

ረቡዕ፦ ወደቡና ኢጋድ

ከኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚህ ወደብ ነው። እስከ 1998 ድረስ አሰብም ነበር፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር ያ በር ተዘጋና ሁሉም ወደዚህ ዞረ። ስለዚህ የጅቡቲ ዕድገት ከፊሉ የሌሎች ጠብ ያመጣው ነው፤ ይህን ጅቡቲዎች ራሳቸው ሳይሸሽጉ ይናገሩታል።

ትራንዚተር (የጭነት ጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) በሆነ ወዳጄ በኩል ፈቃድ አግኝቼ በ2017 የተከፈተውን የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ተመለከትሁ። አንድ የማዳበሪያ መርከብ እየተራገፈ ነበር። የክሬኑ ጥፍር ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ነጭ ፍሬውን እየዛቀ ወደ ትልቅ የብረት ማንቆርቆሪያ ይጥላል፤ ከማንቆርቆሪያው ሥር ሠራተኞች ጆንያ እየደቀኑ፣ 50 ኪሎ ሲሞላ አፉን በመስፊያ ማሽን እየሰፉ ወደሚቀጥለው ያሳልፋሉ። ሠራተኞቹ አፍና አፍንጫቸውን በሽርጥ ጠቅልለዋል፤ ቅንድባቸው በብናኙ ነጥቷል። ይህ ጆንያ ከክረምት በፊት ጎጃም ወይም አርሲ ካልደረሰ የአንድ ዓመት ሰብል ይበላሻል። የኢትዮጵያ ገበሬ ምርት በጅቡቲ ወዛደር ክንድ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን አንዱም ለሌላው ነግሮት አያውቅም፤ በፈረቃው መጨረሻ አንዱን ሠራተኛ ማዳበሪያው ወዴት እንደሚሄድ ስጠይቀው “አዲስ” ብሎ በአገጩ ወደ ምዕራብ አመለከተኝ።

ከወደቡ ወደ መሀል ከተማ ተመለስሁ። ዋናው አደባባይ አሁን በነፃነት ቀን ስም ይጠራል፤ ሰዉ ግን አሁንም ምኒልክ አደባባይ ይለዋል።

ኢጋድ ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ከተማ ነው። በ1986 ሲመሠረት ዓላማው ድርቅን በጋራ መከላከልና ልማት ነበር፤ ከ1984ቱ ረሃብ በኋላ ዝናብና አንበጣ ድንበር እንደማያውቁ መካድ የሚችል መንግሥት አልነበረም። ከምሥረታው ስብሰባ የተገኘው ትልቁ ፍሬ ግን በአጀንዳው ላይ ያልነበረው ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና የሶማሊያው ዚያድ ባሬ ከ1977ቱ የኦጋዴን ጦርነት በኋላ ፊት ለፊት የተያዩት በዚያ በጃንዋሪ 1986 እዚህ ጅቡቲ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በተካሄደ ንግግር በኤፕሪል 1988 ተስማምተው ጦራቸውን ከድንበር አራቁ። ስለ ድርቅ ለመነጋገር የተጠራ ስብሰባ ሁለት ባላንጣዎችን ሲያቀራርብ ማየት፣ “እነዚህ ድርጅቶች ከወሬ በቀር ምን ይሠራሉ?” ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ይመስለኛል። በ1996 ድርጅቱ አሁን የያዘውን ስም ሲይዝ የሰላምና የፀጥታ ጉዳይ በይፋ ተጨመረለት። በ2000ም የሶማሊያ የሽግግር መንግሥት የተመሠረተበት ረጅም ጉባኤ የተካሄደው ከዚህ ጥቂት በምትርቀው አርታ ነው።

የድርጅቱ ድካም ግን አይሸሸግም። በጃንዋሪ 2024 ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ስትፈርም ሶማሊያ ተቆጣች፤ አካባቢው ለወራት ትንፋሹን ይዞ ቆየ፤ ጅቡቲ በበኩሏ የታጁራን ወደብ ለኢትዮጵያ አገልግሎት አቀረበች። የኢትዮጵያና የሶማሊያ መሪዎች በመጨረሻ በዲሴምበር የተስማሙት አንካራ ላይ፣ በቱርክ አደራዳሪነት ነበር። የቤት ጠብ በሩቅ አገር ሽማግሌ መታረቁ ክፉ አይደለም፤ ግን የቤቱ ሽማግሌ ለምን እንዳልተጠራ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሐሙስ፦ የኦቦክ መንገድ

በተከራየሁት መኪና ወደ ሰሜን፣ ወደ ባሕር ዳሯ የኦቦክ ከተማ ተነሣሁ። ሹፌሩ የታጁራ አፋር ነው፤ ከመነሻችን ሁለት ጀሪካን ውሃ ከኋላ ጭኗል። ጉቤት ላይ በ2023 የተመረቁት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ይሽከረከራሉ፤ 60 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ ተብሎላቸዋል። ከዚያ ወዲያ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የአሳል ሐይቅ አለ፤ ነጭ ጨው፣ ጥቁር ድንጋይ፣ ሌላ ምንም።

በዚያ ምንም በሌለበት መንገድ ዳር ሰዎች ይሄዱ ነበር። ስድስት ልጆች ናቸው፤ ነጠላ ጫማ፣ ትከሻ ላይ የተጣለ ፎጣ፣ እጅ ላይ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ። ሹፌሩ ሳልነግረው ቆመ። ታናሹ ጠጋ ብሎ፣ “ጋሼ፣ ውሃ ይኖርሃል?” አለኝ በጥርት ያለ የወሎ አማርኛ። ጀሪካኖቹ የተጫኑት ለዚህ ነበር። ከወሎዋ የሐይቅ ከተማ አካባቢ ነው የመጡት፤ በእግርም በጭነት መኪናም ድንበሩን ተሻግረው ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። ውሃውን ሲጠጡ አንዱ ከመጠጣቱ በፊት ፕላስቲኩን ሞልቶ ክዳኑን አጥብቆ በፎጣው ጠቀለለው፤ ሌሎቹ እስኪጠግቡ ቆሞ ጠበቀና እሱ በመጨረሻ ጠጣ። እንዲመለሱ ነገርኋቸው። በትሕትና ሰሙኝ፤ አመሰገኑኝ፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ኦቦክ ላይ ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት ለተመላሾች የሚሆን ማዕከል አለው። እዚያ ያገኘኋቸው ብዙዎቹ የሚሄዱ ሳይሆኑ የመን ደርሰው ጦርነቱንና አጋቾቹን አይተው የተመለሱ ናቸው። ባሕሩ ለሚመለሰውም አይራራም፤ በኤፕሪል 2024 ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች በሁለት ሳምንት ልዩነት ከዚህ በስተሰሜን ባለችው ጎዶሪያ አጠገብ ሰጥመዋል፤ በመጀመሪያው ብቻ ቢያንስ 38 ሰው ሞቷል፤ ከኢትዮጵያ የተነሡ ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር። አገሬ በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሜትር ኩብ ውሃ በቧንቧ ለጅቡቲ ትሰጣለች፤ የአገሬ ልጅ በዚያው አገር መንገድ ዳር ውሃ ይለምናል። ጥፋቱን ጅቡቲ ላይ መለጠፍ ግን ቀላልና ሐሰት ነው። የኦቦክ ሰው ከራሱ ጀሪካን ላይ ቀንሶ ይሰጣቸዋል፤ የሞቱትን ይቀብራል። በ2020 የኢጋድ ሚኒስትሮች ካርቱም ላይ የሰዎችን ነፃ ዝውውር የሚመለከት ፕሮቶኮል ተስማምተዋል፤ ሥራ ላይ እንዲውል አባል አገሮቹ ማጽደቅ አለባቸው። ቢጸድቅ እንኳ እነዚህ ልጆች ጅቡቲ ለመቅረት የመጡ አይደሉም፤ ጅቡቲም ለሁሉም የሚሆን ሥራ የላትም። ዓይናቸው ያለው ባሕረ ሰላጤው ላይ ነው። ስለዚህ ሦስት ወገን በአንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጠ፣ ማለትም ላኪዋ፣ መተላለፊያዋና ተቀባይዋ አገር፣ የሁለቱ ብቻ ስምምነት ልጆቹን ከአንዱ ድንበር ወደ ሌላው ከማሸጋገር አያልፍም። ኢትዮጵያ በ2013 ወደ ዐረብ አገሮች የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አግዳ በ2018 አንሥታለች፤ በእገዳው ዓመታት ይህ መንገድ ባዶ አልነበረም፤ እገዳ የሚዘጋው የፓስፖርቱን መንገድ እንጂ የእግሩን አይደለም።

ዓርብ፦ ባልባላ

በጅቡቲ ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። ከከተማዋ ዳር ባለው ባልባላ አንድ የቤተ ዘመድ ቤት ምሳ ተጋበዝሁ። የቤቱ እናት ቧንቧ ከፍተው በብርጭቆ ውሃ ቀዱና ሳልጠይቃቸው አቀበሉኝ፤ የቀድሞው የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ስለነበር ሻይ እንኳ ጣዕም አልነበረውም አሉኝ። ከየት እንደሚመጣ ያውቃሉ። “የእናንተ ነው፤” አሉ፤ “አላህ ይስጣችሁ።” የአዲጋላዋ ወጣት ባለችበት ይህ ምርቃት ቢደርሳት ብዬ ተመኘሁ። ከቀትር በኋላ ከሐረርጌ የመጣው ጫት ደርሶ መንገዱ ሁሉ ሞተር በሞተር ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ከማንም ጋር ቁም ነገር ማውራት አልተቻለም።

ቅዳሜ፦ በጋላፊ

ስመለስ የመጣሁት በከባድ መኪና ጋቢና ነው። ማዳበሪያ ወደ አዳማ የሚያደርስ ባለተሳቢ መኪና ሹፌር የወዳጄ ዘመድ ስለሆነ ከረዳቱ ጋር አቀማመጠኝ። ዲኪልን አልፈን የድንበር መሻገሪያዋ ጋላፊ ስንደርስ የመኪናው ሰልፍ በሙቀቱ ውስጥ ተዘርግቷል። ሹፌሮቹ ተሳቢው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ይተኛሉ፤ የሚጠለሉበት ሌላ ጥላ የለምና።

ከሚሌ በኋላ አዳይቱን፣ ኡንዱፎንና ገዳማይቱን አለፍን። እነዚህ ሦስት ቦታዎች በአፋርና በሶማሌ ኢሳ መካከል የረጅም ጊዜ ውዝግብ ያለባቸው ናቸው፤ ግጦሽም፣ ውሃም፣ የመንገዱ ንግድም አለበት። በ2021 ክረምት በዚህ አካባቢ በተፈጠረ ግጭት የተቆጡ ወጣቶች ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን መንገድና ሐዲድ ዘጉ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠቡ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በአፋርና በኢሳ መካከል ተቀስቅሶ ሰው ሞተ። ሁለቱ ሕዝቦች በሁለቱም አገር ይኖራሉና እሳቱ ቪዛ አያስፈልገውም። የሁለት አገር ወደብ፣ የሁለት አገር ባቡርና የሚሊዮኖች ማዳበሪያ የሚያልፍበት መስመር በአንድ የግጦሽ ጠብ ሊቆም እንደሚችል ከዚያ ወዲህ ማንም አይክደውም። የአካባቢው ሽማግሌዎችና የድንበር አስተዳዳሪዎች እየተገናኙ መነጋገራቸው ለዚህ ነው የሚጠቅመው፤ እኔ ግን በዚያ ንግግር ውስጥ ገንዘብም እንዲኖር እፈልጋለሁ፤ ከእያንዳንዱ ኮንቴይነር ከሚሰበሰበው ክፍያ ጥቂቱ መስመሩ ለሚያልፍባቸው ቀበሌዎች የጉድጓድና የከብት ክትባት ወጪ ቢውል፣ መንገዱን የሚጠብቀው ወታደር ብቻ አይሆንም ነበር።

ይህን ሐሳቤን ለሹፌሩ ሳጫውተው በጥሞና ሰማኝና፣ መጻፍህ ካልቀረ የኔንም ጻፍልኝ አለኝ። ጋላፊ ላይ ጥላ ያለው ማቆሚያ፤ ውሃ ያለው መጸዳጃ ቤት፤ ሌት ተቀን የማትጠፋ አንዲት ነርስ። ሁለቱ መንግሥታት የማን ይሁን እያሉ እንዳይከራከሩ ደግሞ ግማሹን ማቆሚያ ወዲህ፣ ግማሹን ወዲያ አድርገው ይሥሩት ብሏል። ከእኔ ሐሳብ በፊት እንዲቀመጥለት አስጠንቅቆኝ ነበር፤ ቅደም ተከተሉን ባልጠብቅለትም ቃሉን ሳልቀንስ አስፍሬዋለሁ።